የምርጫ ክልላችን ታሪክ ከየት ይጀምራል? ለሐዋሳዋ ጠያቂ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ፣ ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ የአካባቢያችንን የምርጫ ታሪክ መጻፍ ጀምሬ ነበር። አባቴ ‹በጃንሆይ ጊዜ ከአንድ ቦታ ሁለት እንደራሴ ነበር የምንልከው› ይላል። እኔ ግን ለፓርላማ የምመርጠው አንድ ሰው ነው። ደግሞስ ከደቡብ ክልል ወደ ሲዳማ ክልል ስንዞር የምርጫ ክልላችን አብሮ ተቀየረ? በየምርጫው ማን እንዳሸነፈ ሰንጠረዥ ልሠራ ብዬ ሁሉም ነገር ተምታታብኝ። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ከአሸናፊዎቹ አትጀምሪ። የተምታታብሽም እዚያ ስለጀመርሽ ይመስለኛል። ዓመት፣ ስም፣ ፓርቲ ብለሽ ሦስት ዓምድ ስትሠሪ ወረቀቱ ላይ ያምራል። ችግሩ ግን እያንዳንዱ መስመር የሚናገረው ስለ ሌላ ቦታ ነው። የ1961ዱ ተመራጭ የወከለው መሬትና የ2013ቱ ተመራጭ የወከለው መሬት አንድ አይደለም። ስለዚህ በየምርጫው መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ ወንበሩ የትኛውን አካባቢ ይሸፍን ነበር፣ ስንት ሰው ይላክበት ነበር፣ ማንስ ለመወዳደር ይፈቀድለት ነበር የሚለውን ነው። ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አባትሽ ልክ ናቸው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አገሪቱን ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብ በያዙ የምርጫ አካባቢዎች ይከፍላል። ከእያንዳንዱ ሁለት እንደራሴ ይላካል። ከ30,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ደግሞ ለብቻው አንድ እንደራሴ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 50,000 ነዋሪ ሌላ ይታከልለታል። ከዚያ በፊት፣ በ1923ቱ ሕገ መንግሥት፣ እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ስለነበሩ ያንን ዘመን በሰንጠረዥሽ ውስጥ ባታስገቢው ይሻላል።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንምጣ። በቀጥታ የተመረጠው የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተከፈተው በጥቅምት 1950 ነው። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ ከተማዋ ራሷ አልነበረችም! የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ያኔ ይርጋለም ነበር። ከዚያ በኋላ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ምርጫ ተደርጓል። ሐዋሳ ግን በነዚህ ዓመታት ሁሉ 30,000 የሚለውን መስፈርት አልደረሰችም። ገና ትንሽ ከተማ ነበረች። ስለዚህ የሐዋሳ ሰው ድምፁን የሚሰጠው ከዙሪያው ገጠር ጋር ተደምሮ ነው። አባትሽም «ሁለት» የሚሉት ለዚህ ነው። በዚያ ዘመን ሰነድ ውስጥ «ሐዋሳ» የሚል ወንበር ፈልገሽ ብታጪ አትደነቂ። በሲዳሞ ሥር ነው የምትፈልጊው።

ስለዚያ ዘመን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ በፓርቲ ዓምድሽ ላይ «የግል ተወዳዳሪ» ብለሽ አትጻፊ። የግል ተወዳዳሪ የሚባለው ፓርቲ ባለበት አገር ነው። ዓምዱን ባዶ ተዪው። ሁለተኛ፣ ለመወዳደር ንብረት ያስፈልግ ነበር። መራጩ ሁሉም ሰው ቢሆንም ተመራጩ በሕጉ የተወሰነ መጠን ያለው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። እንደ ሲዳሞ ባለ፣ ብዙ ገበሬ ጭሰኛ በሆነበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። እኔ ብሆን የዚያን ዘመን ምዕራፍ የምጀምረው ከዚህ ነው። ማን እንዳሸነፈ ከማወቅ ይልቅ ማን ለውድድር ሊቀርብ እንደማይችል ማወቅ ብዙ ይናገራል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ሲወርዱ ፓርላማውም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የፓርላማ ምርጫ የለም። ሽማግሌዎቹን ስትጠይቂ «በደርግም መርጠናል» ይሉሻል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሱት የቀበሌ አመራር ምርጫን ነው። ዋሹሽ ማለት አይደለም፤ ሌላ ምርጫ ነው። የቀበሌው ለብቻው ይቀመጥ።

የብሔራዊ ሸንጎው (የደርግ ዘመኑ ፓርላማ) ምርጫ የተደረገው ሰኔ 7 ቀን 1979 ነው። 835 መቀመጫ ነበረው። በአንድ ወንበር እስከ ሦስት ዕጩ ይቀርባል፤ ዕጩዎቹ ግን በብቸኛው ፓርቲ በኢሠፓ ወንፊት ያለፉ ናቸው። ለአንቺ የሚጠቅመው ዋናው ነጥብ ቁጥሩ ነው። 835 ወንበር ማለት አገሪቱ ከንጉሡ ዘመን በጣም ባነሱ ቁርጥራጮች ተከፋፍላለች ማለት ነው። ስለዚህ የሸንጎውን ወንበር ከጃንሆይ ዘመኑም ሆነ ከዛሬው የምርጫ ክልል ጋር በአንድ መስመር አታገናኚው። የራሱ ገጽ ይኑረው። ዕድሜውም አጭር ነው፤ በ1983 ከመንግሥቱ ጋር አብሮ አከተመ።

የዛሬው የምርጫ ክልላችሁ ታሪክ በእውነት የሚጀምረው ከሽግግሩ ዘመን ነው። ሰኔ 14 ቀን 1984 የወረዳና የክልል ምክር ቤቶች ምርጫ ተደረገ። (የሚገርመው የ2013ቱም ምርጫ የዋለው ሰኔ 14 ቀን ነው። ቀኑን ስትጽፊ ዓመቱን አትርሺ።) ከዚያ ግንቦት 28 ቀን 1986 ሕገ መንግሥቱን የሚያጸድቅ ጉባኤ ተመረጠ። የዚያ ጉባኤ ወንበሮች ብዛት 547 ነበር። ዛሬም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበር 547 ነው። ቁጥሩ ከዚያን ጊዜ ወዲህ አልተነቃነቀም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው አይቶ የሚያልፈው ነገር ስለሆነ። የምርጫ ክልል የሚከለለው ወረዳን መሠረት አድርጎ፣ ወደ 100,000 ሕዝብ እንዲይዝ ተብሎ ነው። የ1987ቱ ቆጠራ የአገሪቱን ሕዝብ 53.5 ሚሊዮን ገደማ አለ። ለ547 ስታካፍዪው 98,000 ገደማ ይመጣል። ስሌቱ ይገጥማል። በ1999 ቆጠራ ግን ሕዝቡ ወደ 73.8 ሚሊዮን ደረሰ። ለዚያው 547 ስታካፍዪው 135,000 ገደማ ሆነ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ ይደረግ ይላል። በውጤቱም መሠረት ምርጫ ቦርድ ሐሳብ አቅርቦ፣ ምክር ቤቱ የምርጫ ክልሎችን አከላለል ይወስን ይላል። ከ1999 ቀጥሎ ሊደረግ የታሰበው ቆጠራ መጀመሪያ በ2010 ተራዘመ። በ2011ም እንደገና ተራዘመ። ቆጠራ ከሌለ ደግሞ ክለሳው መነሻ ያጣል።

ሐዋሳን በዚህ መነጽር እያት። በ1987 ቆጠራ ከተማዋ 69,169 ነዋሪ ነበራት። ይህ ለአንድ የምርጫ ክልል እንኳ አይሞላም። በ1999 የከተማው አስተዳደር ዙሪያውን ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ጨምሮ 258,808 ሆነ፤ ከተማው ብቻውን 157,139። ከዚያ ወዲህማ ከአቶቴ ወዲያ፣ በታቦር በኩል፣ በጥቁር ውኃ መንገድ፣ ከተማዋ ምን ያህል እንደሰፋች ካንቺ የተሻለ ማን ያውቃል? ኢንዱስትሪ ፓርኩን ስትጨምሪበት ደግሞ ሌላ ነው።

ሲዳማን በሙሉ ስታዪው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ1999 ቆጠራ የሲዳማ ዞን ሕዝብ 2.95 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ 2.74 ሚሊዮን ገደማ። በፓርላማ ግን አዲስ አበባ 23 ወንበር አላት፤ ሲዳማ 19። የበለጠ ሕዝብ፣ ያነሰ ወንበር። በሲዳማ አንድ ወንበር ቢያንስ 155,000 ሰው ይወክላል፤ በአዲስ አበባ 119,000 ገደማ። ይህን ሆን ብሎ የተሠራ ተንኮል ነው ብለሽ አትጻፊ፤ ማስረጃ የለውም። ግን ጻፊው። በምርጫ ዘገባ ላይ ስለ ካርድና ስለ ኮሮጆ ብዙ ይወራል። ይህ የወንበር ክፍፍል ግን ከማንኛውም የድምፅ ቆጠራ ውዝግብ በላይ ድምፅን የሚያቀልል ነገር ነው፤ ማንም አያነሣውም።

ለምን አይስተካከልም የሚል ሰው ካለ፣ አንቀጽ 54ን ያንብብ። የምክር ቤቱ ወንበር ከ550 አይበልጥም። ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦች ነው። 547 ላይ ቆመን የቀረን ሦስት ብቻ ነው። ስለዚህ ለሐዋሳ ወንበር ይጨመር ማለት ከሌላ ቦታ ይነሣ ማለት ነው። ከየት? እዚህ ላይ ሁሉም ዝም ይላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልሂድ። ክልል ስትቀይሩ የምርጫ ክልላችሁ ምን ሆነ? ቤቱ ሳይነቃነቅ የቀበሌው ቁጥር ሲቀየር አይተሻል አይደል? እንደዚያ ነው። ሐዋሳ መጀመሪያ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች፤ ቀጥሎ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር። በሽግግሩ ጊዜ ሲዳማ ክልል 8 ሆነ። ከዚያ ከክልል 7 እስከ 11 ያሉት አምስቱ ተጠቃልለው ደቡብ ክልል ሆኑ፤ ሐዋሳም ዋና ከተማቸው። አሁን ደግሞ ሲዳማ ክልል። የደቡብ ክልል በፓርላማ 123 ወንበር ነበረው። ሲዳማ ሲወጣ 19ኙ አብረውት ወጡ፤ 104 ቀረ። ያ የቀረውም በኋላ በደቡብ ምዕራብ፣ በደቡብ ኢትዮጵያና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተከፋፈለ። የአገሪቱ ድምር ግን 547 እንዳለ ነው። በሰንጠረዥሽ ላይ «ክልል» የሚል ዓምድ ጨምሪና ስያሜው ይቀያየር። የምርጫ ክልሉ መስመር ግን ሳይቋረጥ ይቀጥል።

የ2012 ሰኔን በተለይ ልብ በዪ። በግንቦት 2007 የተመረጡት የሕዝብ ተወካዮች የሥራ ዘመን በ2012 ማለቅ ነበረበት። ምርጫው ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ተቆርጦ ነበር። ኮሮና መጣና ተራዘመ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን በሕገ መንግሥት ትርጉም የሥራ ዘመኑን አስረዘመ። በስምንተኛው ቀን፣ ሰኔ 11፣ የደቡብ ክልል ምክር ቤት ለሲዳማ ሥልጣን አስረከበ። እንግዲህ በ2007 ከደቡብ ክልል ተመርጦ ፓርላማ የገባ የሐዋሳ ተወካይ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የሲዳማ ክልል ተወካይ ሆነ ማለት ነው። አንድም አዲስ ድምፅ ሳይሰጥ! አዲሱ ምክር ቤት እስከተከፈተበት እስከ መስከረም 24 ቀን 2014 ድረስም ቆየ። ሰንጠረዥ ላይ አንድ መስመር የምትሆነው ነገር ውስጧ ይህን ሁሉ ይዛለች። የግርጌ ማስታወሻ አትንፈጊያት።

የኅዳር 10 ቀን 2012ቱን ሕዝበ ውሳኔ ደግሞ ከምርጫ ክልሉ ታሪክ ጋር አትቀላቅዪው። በዚያ ቀን ሻፌታን (ክልል እንሁን) ወይም ጎጆን (ደቡብ ክልል ውስጥ እንቆይ) የመረጠ ሰው ድምፁ በየምርጫ ክልሉ አልተለየም። የዞኑ ሁሉ ድምፅ አንድ ላይ ተደምሮ 98.51 በመቶው ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን አለ። በፓርላማ ምርጫ ግን በአንድ ምርጫ ክልል ከሌሎቹ አንድ ድምፅ ብቻ የበለጠ ሰው ወንበሩን ይወስዳል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንባቢ ይሳሳታል።

እሺ፣ አሁን ወደ አሸናፊዎቹ። ፓርቲውን በተመለከተ ለአንዳንዶቹ ምርጫዎች ዝርዝር ማገላበጥ አያስፈልግሽም፤ በድምሩ ይደረስበታል። በግንቦት 2002 ምርጫ ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ ውጭ ፓርላማ የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ከአዲስ አበባ የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ሌላው ከቦንጋ በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ። ስለዚህ ሐዋሳ ያኔ የኢሕአዴግ ነበረች። በግንቦት 2007 ደግሞ ሁሉም ወንበር የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። በሰኔ 2013 የሲዳማ 19ኙም የብልጽግና ናቸው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ግን እንዲህ በድምር አይደረስበትም። ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር ያገኙበት ምርጫ ነው። ውጤቱ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። በ31 የምርጫ ክልሎች ደግሞ ነሐሴ 15 ድጋሚ ምርጫ ተደርጓል። ለ1997 የየምርጫ ክልሉን ዝርዝር በዓይንሽ ሳታዪ፣ ማንም ነገረኝ ብለሽ እንዳትጽፊ። ስለዚያ ዓመት ሁሉም ሰው የራሱ ታሪክ አለው።

የፓርቲ ስም ሌላው ወጥመድ ነው። በደቡብ የገዢው ግንባር ክንፍ መጀመሪያ ደኢሕዴግ ይባል ነበር። በኋላ ደኢሕዴን ሆነ። በ2012 ደግሞ ወደ ብልጽግና ተጠቃለለ። ሰንጠረዡን ለማያውቅ ሰው ብታሳዪው ወንበሩ ሁለት ጊዜ ከፓርቲ ወደ ፓርቲ የተሸጋገረ ይመስለዋል። አልተሸጋገረም። ከስሙ አጠገብ «የቀድሞው እከሌ» ብለሽ ጻፊ። ተወዳዳሪዎቹን ስትዘረዝሪ ደግሞ የሲዳማ አርነት ንቅናቄን (ሲአን) አትርሺ፤ ከሽግግሩ ዘመን ጀምሮ ያለ ስም ነው። በ1999ኙ የምርጫ ሕግ መሠረት በአንድ ምርጫ ክልል ከ12 በላይ ዕጩ አይቀርብም ነበር። ሲበዙ ዕጣ ይወጣል። ስለዚህ በ2002 ወይም በ2007 አንድ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ «አልተወዳደረም» ብለሽ አትደምድሚ። ዕጣ ጥሎት ሊሆን ይችላል።

ሰነዱ የት ይገኛል? ከ1987 ወዲህ ላለው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። ለንጉሡ ዘመንና ለሸንጎው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሂጂ፤ የድሮውን አዲስ ዘመንና ነጋሪት ጋዜጣ እዚያ ታገኚያለሽ። ስትፈልጊ አጻጻፉን ቀያይሪ። ከተማችን በቆየው ወረቀት ሁሉ «አዋሳ» ናት። በአዲሱ አንዳንዴ «ሐዋሳ»፣ አንዳንዴ «ሀዋሳ»። ኮምፒዩተር ሦስቱን እንደ ሦስት ከተማ ነው የሚያያቸው። አንድ ተማሪ በዚህ ምክንያት ብቻ «የ1992ቱ ውጤት ጠፍቷል» ብሎ ሲያዝን አይቻለሁ።

ሽማግሌዎችን ስትጠይቂ ደግሞ «ማንን መረጣችሁ?» አትበዪ። ድምፅ ምስጢር ነው፤ ሰውም ይጠነቀቃል፣ ደስ የሚልሽን መልስ ሊሰጥሽም ይችላል። «የት ሄዳችሁ መረጣችሁ?» በያቸው። የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ከየትኛው ሰፈር ሰው ጋር ተሰለፋችሁ? ከኮረም ሰፈርና ከአረብ ሰፈር ሰዎች ይህን ብትሰበስቢ፣ ማን ከማን ጋር ይመርጥ እንደነበር ከወረቀቱ በተሻለ ይገባሻል። የምርጫ ጣቢያና የምርጫ ክልል ግን ይለዩ። በ2013 አንድ ጣቢያ ከ1,500 ያልበለጠ መራጭ ነበር የሚመዘግበው፤ ቀድሞ 1,000። ውጤቱ እዚያው ተቆጥሮ በር ላይ ይለጠፋል። አሸናፊው የሚታወቀው ግን የምርጫ ክልሉ ጣቢያዎች ሁሉ ሲደመሩ ነው። «በእኛ ጣቢያ ያሸነፈው ሌላ ነበር» የሚል ሽማግሌ ካገኘሽ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው፣ የክልል ምክር ቤትና የከተማ ምክር ቤት። የክልሉ ምርጫ ከፓርላማው ጋር በአንድ ቀን ይደረጋል፤ ግን ከአንድ ምርጫ ክልል ብዙ ሰው ነው የሚላከው። ጎረቤትሽ «እኔ አንድ ሳይሆን ብዙ ሰው ነው የመረጥኩት» ብትልሽ የምታወራው ስለዚያኛው ወረቀት ነው። የከተማ፣ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ደግሞ በሌላ ጊዜ የሚደረግ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነው። እነዚህን በሌላ ደብተር ያዢያቸው። የፓርላማውን ወንበር ብቻ ይዘሽ ከ1987 ጀምሪ፣ እስከ 2013 ውረጂ፤ ከዚያ ተመልሰሽ የአባትሽን ዘመን ጻፊ። እሳቸውም በ1965 የት ሄደው እንደመረጡ ዛሬ ማታ ጠይቂያቸው።